የድሮ ስፖርት መኪና ልትገዙ ላሰባችሁ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ይህን የምጽፈው በተለይ እንግሊዝ አገር ላላችሁት ነው። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ስለተከለከለ፣ ገዝቶ አገር ቤት የመላክ ሐሳብ ካላችሁ ከወዲሁ ተዉት። እዚያው የምትነዱትን፣ እዚያው የምትጠግኑትን፣ ሲደርስም እዚያው የምትወዳደሩበትን ፈልጉ።

ለጀማሪ የምመክረው ኤምጂቢን፣ ማለትም የእንግሊዙ ኤምጂ የሠራውን የድሮ ስፖርት መኪና ነው። ከ1962 እስከ 1980 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ስለተመረተ ዛሬም ከብሎን እስከ ባዶ ቦዲ ድረስ አዲስ ዕቃ ይገኝለታል። ፖርሼና ጃጓር ያምራሉ፤ እጅ የሚፍታታው ግን ስህተቱ በማያከስር መኪና ላይ ነው። «ኤምጂቢ የሽርሽር እንጂ የውድድር አይደለም» የሚላችሁ ካጋጠማችሁ፣ በ1966 በጀርመኑ የኑርበርግሪንግ መወዳደሪያ ላይ 84 ሰዓት የፈጀውን ማራቶን ደ ላ ሩት የተባለ የመኪና ውድድር በአጠቃላይ አንደኛ ሆኖ እንደጨረሰ ንገሩት።

ገንዘባችሁ በቅደም ተከተል ይውጣ፤ መጀመሪያ ላሜራው፣ ቀጥሎ ፍሬኑና የእግር ሥራው፣ ከዚያ ሞተሩ። ውድድር መጨረሻ ነው። ብዙው ወጣት ከጭራው ይጀምርና ሰፊ ማርሚታና የሚያብረቀርቅ ቸርኬ ገዝቶ፣ ከሥር የተበላ መኪና ይዞ ይቀራል።

ይህ መኪና ለብቻው የቆመ ሻሲ የለውም። ጭነቱን የሚሸከመው ቦዲው ራሱ ነው፤ በተለይ ጣሪያ በሌለው ሞዴል ከበሩ ሥር ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚዘረጋው ሳጥን መሰል ብረት። ስለዚህ ኮፈኖ ከማስከፈታችሁ በፊት በሩ ሥር ተንበርከኩ። ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልላችሁ በሳጥኑ ርዝመት ሁሉ አስኪዱት፤ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው። ቀጥሎ የፓራፋንጎውን የታችኛ ጫፍ፣ የወለሉን ጠርዝና የኋላ ባሌስትራ የሚታሰርበትን ቦታ እዩ። በመጨረሻ በባለቤቱ ፈቃድ መኪናውን በክሪክ መግቢያው አንሡትና በሩን ከፍታችሁ ዝጉ። ከመሬት ላይ በደንብ ይዘጋ የነበረው በር አሁን ከላይ ከነካ ወይም ክፍተቱ ከጠበበ፣ ውስጡ አልቋል ማለት ነው። ቀለሙ አዲስ ነው ብሎ የሚከራከራችሁን ሻጭ አመስግናችሁ ሂዱ።

ሳጥኑን ራሳችሁ የምትቀይሩ ከሆነ፣ ከመቁረጣችሁ በፊት በበሩ ክፍተት ውስጥ ከፊተኛው ቋሚ እስከ ኋለኛው ቋሚ ጠንካራ ብረት በይዱ። ያን ያልደገፈ ሰው ቦዲው መሐሉ ላይ ይረግብበታል፣ አዲሱን ሳጥን በተጣመመው ላይ ይበይዳል፣ በሩም ከዚያ ወዲያ አይገጥምም። አንዱን ጎን ሳትጨርሱ ሌላውን አትንኩ፤ እየበየዳችሁም በሩን እየገጠማችሁ ሞክሩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

የፊት እግሩ በየ3,000 ማይሉ ግሪስ ይፈልጋል፤ በየጎኑ ሦስት የግሪስ መግቢያ አለ። ጎማው መሬት እንደረገጠ ከሞላችሁት ግሪሱ ጭነቱ ወዳለበት ፊት አይገባም፤ ስለዚህ አንሥታችሁ ሙሉ። ብልሽት ለማወቅ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁ። ከተንቀሳቀሰ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ፤ ንቅናቄው ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፣ ካልጠፋ ኪንግፒኑ (የፊት ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት ፒን) ነው። ባለሽቦ ቸርኬ ከሆነ፣ ወደፊትና ወደኋላ ስትነሡ «ቋ» የሚል ድምፅ የተበሉ ጥርሶች ምልክት ነው። የመሐል ዳዶው የግራና የቀኝ ጥርስ አቅጣጫው ይለያያል፤ የግራውና የቀኙ ተቀያይሮ ከተገጠመ እየነዳችሁ ራሱን ይፈታል።

የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ መኪናው ቢቆምም በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ከ1967 በፊት የተሠራ ከሆነ ደግሞ ከቦዲው ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው። ይህን ሳያዩ ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን ወይም ዘመናዊ ራዲዮ የሚያስሩ በደቂቃ ያቃጥሉታል።

አሁን ሞተሩ። 1,798 ሲሲ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን ሥርዓት ይወዳል። ካርቡራተሩን የምትነኩት መጨረሻ ላይ ነው። በመጀመሪያ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ የቫልቭ ክፍተቱን ወደ 0.38 ሚሊ ሜትር አምጡ። ካንዴላዎቹን ብታወጡ በእጅ ማዞሩ ይቀላችኋል። 8ኛው ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ሲወርድ 1ኛውን ለኩ፤ 6ኛው ሲወርድ 3ኛውን። የወረደውና የምትለኩት ቁጥር ሲደመር ሁልጊዜ 9 ይሆናል። ድምፁን ለማጥፋት ብላችሁ አታጥብቁት፤ የጠበበ የጭስ ማውጫ ቫልቭ መቀመጫው ላይ አርፎ ስለማይቀዘቅዝ ይቃጠላል፣ የሚያንቋቋው ግን ይሠራል። ከዚያ የፑንቲናውን (የካንዴላውን እሳት የሚያስነሣውን ማቋረጫ) ክፍተት 0.38 ሚሊ ሜትር አድርጉ፣ ከዚያ ታይሚንግ (እሳቱ የሚነሣበት ጊዜ)፣ ከዚያ ብቻ ሁለቱን ኤስዩ የተባሉ ካርቡራተሮች።

እነሱም ቢሆኑ መጀመሪያ የሁለቱ አየር እኩል ይሁን። በቀጭን ጎማ ቱቦ የሁለቱንም የመሳብ ድምፅ ብታዳምጡ ጆሮ ይበቃል። ድብልቁን ከሥር ባለው ባለስድስት ጎን ዳዶ በአንድ ጊዜ የዳዶውን አንድ ጎን ያህል ብቻ እያዞራችሁ ሞክሩ። የካርቡራተሩን ፒስተን በትንሿ ፒን 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል አንሡት፦ ዙሩ ጨምሮ ከቀረ ነዳጁ በዝቷል፣ ሊጠፋ ከወረደ አንሷል፣ ለአፍታ ጨምሮ ከተመለሰ ልክ ነው። ምንም ብታዞሩ የማይረጋጋ ከሆነ የጋዝ መክፈቻው ዘንግ ተበልቶ በጎን አየር ይስባል፤ እዚያ ላይ የካርቡራተር ማጽጃ ስትነፉበት ዙሩ ከተቀየረ ተይዟል።

በእንግሊዝ ከመስከረም 2021 ጀምሮ ተራው ቤንዚን 10 በመቶ ኢታኖል አለው፤ የድሮውን ጎማ ቱቦ ያሟሟል። ቱቦውን ኢታኖል በሚችል ቀይሩ ወይም 5 በመቶ ያለውን ሱፐር ቅዱ። ቴስታታው በወረደ ጊዜ እግረ መንገዳችሁን ለጭስ ማውጫ ቫልቮቹ ጠንካራ መቀመጫ አስገቡ፤ መቀመጫውን ይጠብቅ የነበረው እርሳስ ከነዳጁ ወጥቷልና። ዘይቱ 20ደብሊው50 ሆኖ ዚንክ ያለው ይሁን። በጉዞ ላይ ሲሞቅ ግፊቱ ከ50 እስከ 80 ፒኤስአይ ካልሆነ ስለ ውድድር አታስቡ።

ከሆነም በኮረብታ መውጫ ጀምሩ እንጂ ጎን ለጎን በሚሮጥበት አትጀምሩ። ሼልስሊ ዎልሽ ከ1905 ጀምሮ የሚወዳደሩበት ኮረብታ ነው፤ ብቻችሁን ከሰዓት ጋር ስለምትሮጡ ስህተታችሁ ሌላ ሰው ላይ አያርፍም። ፈቃዱን ውድድሩን ከሚመራው አካል ከሞተርስፖርት ዩኬ ታወጣላችሁ። ከውድድሩ በፊት መኪናውን የሚፈትሸው መርማሪ ፊት ከመቆማችሁ በፊት የጋዙን መመለሻ ሞላ፣ የባትሪውን አስተሳሰር፣ ውስጥ ልቅ የሆነ ዕቃ አለመኖሩን ራሳችሁ እዩ። ከፊት ለሰዓት መለኪያው ጨረር የሚሆን 10 በ2 ኢንች የሆነ ጥቁር ሳህን አትርሱ፤ ብዙ ሰው ጠዋት ካርቶን ፍለጋ የሚሯሯጠው በእሱ ነው።

ሞተር የሚገድለው ዙር ብቻ አይምሰላችሁ። በረጅም ኩርባ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ሲሸሽ መሳቢያው አየር ይስባል፣ ብሮንዚናው (ክራንክሻፍቱ የሚዞርበት ማቀፊያ) ይሄዳል። በዘይት ኮፓው ውስጥ መከለያ ላሜራ ማስበየድ ከማንኛውም የፈረስ ጉልበት መጨመሪያ ይቀድማል። ሞተሩን ከመግዛታችሁ በፊትም ዓመቱን አጣሩ፦ እስከ 1964 የነበሩት ክራንክሻፍታቸው በሦስት ቦታ ብቻ የተያዘ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት አምስት ናቸው፣ ለውድድርም እነሱ ይመረጣሉ።

የጎማው ጥርስ ጥልቀት አያታልላችሁ። ትንሽ የሚነዳ መኪና ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ይደርቃል፤ ጎኑ ላይ ያሉት አራት አኃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይነግሯችኋል፣ 2318 ማለት እ.ኤ.አ. የ2018 23ኛ ሳምንት ነው። ከኮረብታው አናት ስትመለሱም የእጅ ፍሬን አትሳቡ። የኋላው ከበሮ ግሎ እያለ ሸራው ከተጣበቀበት እኩል አይቀዘቅዝም፤ በማርሽ አቁሙትና ጎማው ሥር እንጨት አድርጉበት።