ተራራው ሊከለል ነው፤ ልፈርም ወይስ ልተው?

ጥያቄ፦ የወል ግጦሻችን የነበረውን ተራራ ከልለው አገር በቀል ደን ሊያለብሱት አቅደዋል። ካርታው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ስብሰባ ጠርተውን «ተስማምተናል ብላችሁ ፈርሙ» አሉን። ደን ቢኖር አልጠላም፤ ግን ከብቶችና ፍየሎች አሉኝ። ምን ብል ይሻላል?

መልስ፦ ገና አይፈርሙ፤ ስብሰባውንም ጥለው አይውጡ። ዕቅዱ ካለቀ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ማሳወቂያ እንጂ ምክክር አይባልም። ይህን በአክብሮት፣ ግን ሳይሸሽጉ ይናገሩ። ደኑን እንደማይቃወሙ አስቀድመው ይግለጹ፤ የሚጠይቁት ዕቅዱ በተራራው ከሚጠቀሙት ሰዎች ጋር እንደገና እንዲታይ ነው።

መጀመሪያ «ካርታውን ይዘን አብረን እንውጣ» ይበሉ። በድርቅ ወራት ከብት የሚተርፍበትን ጥግና ወደ ውኃ የሚያወርደውን መንገድ እረኛ ያውቀዋል። የትኛው ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ መልሶ እንደሚያቆጠቁጥ ደግሞ ማገዶ ለቃሚ ሴቶችን የሚያህል አዋቂ የለም። እነዚህ ሰዎች በትልቅ ስብሰባ ላይ እጃቸውን አያወጡም። ስለዚህ ሴቶቹም እረኞቹም ለየብቻ ይጠየቁ፤ ያሉትም እዚያው ካርታው ላይ ይግባ።

ተራራው ላይ ስትደርሱ ጎንበስ ብላችሁ ሣሩን ገለጥ አድርጉ። ከብት እየደጋገመ ስለጋጠው ከቁርጭምጭሚት ከፍ ማለት ያልቻለ፣ ቁጥቋጦ የሚመስል ነገር ታገኙ ይሆናል። ሥሩ አካባቢ አፈሩን በጣት ጫር ጫር ብታደርጉት ወፍራም ጉቶ ብቅ ይላል። ከላይ ያለው ቅጠል የዘንድሮ ቢሆንም ሥሩ የብዙ ዓመት ነው፤ ዕረፍት ካገኘ ከአዲስ ችግኝ በጣም ፈጥኖ ያድጋል። በተለያዩ ቦታዎች 10 በ10 ሜትር እየለካችሁ ሕያው ጉቶዎችንና በራሳቸው የበቀሉ ችግኞችን ቁጠሩ። ብዙ ባለበት ችግኝ መትከል ገንዘብና ጉልበት ማባከን ነው፤ ከየጉቶው ጠንካራ የሆኑትን ጥቂት ቀንበጦች አስቀርቶ ሌላውን መመልመል ይበቃል። ምንም በሌለበት ብቻ ይተከል። ዘሩም እዚያው አካባቢ ካሉ ከብዙ እናት ዛፎች ይለቀም፤ ከአንድ ዛፍ ብቻ የተለቀመ ዘር ዝርያውን ያዳክማል። የትኛው ዛፍ መቼ እንደሚያፈራ አሁንም እረኞቹን ጠይቁ።

ኒጀር ውስጥ በማራዲ አካባቢ የሆነው ይህ ነው። አውስትራሊያዊው የግብርና ባለሙያ ቶኒ ሪናውዶ የተተከለው ችግኝ አብዛኛው እየደረቀ ሲያስቸግረው፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ዓይኑን ወደ ጉቶዎቹ መለሰ። ገበሬዎቹ በየማሳቸው ያለውን ቀንበጥ እየመረጡ ማሳደግ ያዙ፤ በ20 ዓመታት ውስጥ ሥራው ወደ 5 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ደረሰ። ዛፉ የመንግሥት ነው በተባለበት ዘመን ገበሬው ከማሳው ይመነጥረው ነበር፤ የራሱ መሆኑን ሲያምን ግን ጠበቀው። ስለዚህ «ዛፉ ሲያድግ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ በጽሑፍ ሳይመለስ ምንም ዓይነት ዕቅድ አይጽደቅ።

ወደ ከብቶችዎ ልምጣ። ተራራው በሙሉ በአንድ ቀን ይከለል የሚለውን እኔም አልደግፈውም፤ ከብቱ ያልተከለለውን ቀሪ መሬት ያራቁተዋል፣ ሰውም ከብቱን በሌሊት ወደ ተከለለው ያስገባል። ጉቶ የበዛበትና ቁልቁለቱ የከፋው ክፍል ይቅደም፤ ሌላው በየተራ ይከተል፤ ወደ ውኃ የሚወስደው መንገድ ክፍት ይሁን። በተከለለው ቦታ ሣሩ ቶሎ ስለሚያገግም እያጨዱ ለከብት መውሰድ ይቻላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ሁምቦ ላይ በ2006 እ.ኤ.አ. በተጀመረውና ወደ 2,700 ሄክታር በሚሸፍነው ደንን መልሶ የማልማት ሥራ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበር የተደራጁት ነዋሪዎች ከደኑ ቀድመው ያገኙት ጥቅም የሣር አጨዳው ነበር። ክፍፍሉ በከብት ብዛት ሳይሆን በአባወራና በእማወራ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ከብት የሌላት ሴት ድርሻዋን ሸጣ ትጠቀማለች፣ ደኑንም ትጠብቃለች።

የፍየሎቹ ነገር ከበድ ይላል። ፍየል የቀንበጡን ጫፍ ስለምትቀጥፍ፣ ዛፉ ከአፏ በላይ እስኪያልፍ ድረስ እዚያ መግባት የለባትም። እስከዚያው አስረው መቀለብ ወይም ቁጥራቸውን መቀነስ ሊኖርብዎ ነው። ይህ ኪሳራ የእርስዎ ብቻ እንዳይሆን፣ ማካካሻው ምን እንደሆነ አሁኑኑ ይጠይቁ። እግረ መንገዴን፦ ረግረጉና ከጥንትም ሣር ብቻ የነበረው ሜዳ ዛፍ አይተከልበት፤ የራሱ ዕፅዋትና አዕዋፍ አሉት።

ጥበቃውን በተመለከተ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተቀበለችው ኤሊኖር ኦስትሮም ዕድሜዋን ሙሉ ያጠናችው ስለ ወል ሀብት ነው። ሳይጠፉ የቆዩት የወል ሀብቶች ወሰናቸው የታወቀ፣ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ደንቡን በማውጣት የተሳተፉበት፣ ቅጣቱም ከትንሽ ጀምሮ ለሚደጋግም ሰው እየከበደ የሚሄድ መሆኑን አሳይታለች። ኔፓልም በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የደን ሕግ ደኑን ለተጠቃሚ ቡድኖች አስረክባለች፤ ዛሬ ቡድኖቹ ከ20,000 በላይ ናቸው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ወሰኑ፣ የአጨዳው ጊዜና ድርሻ፣ የዛፉ ባለቤትነትና ቅጣቱ በአንድ ወረቀት ይስፈር፤ ስምምነቱ እንደገና የሚታይበት ቀንም ይቆረጥ። የተቃወሙ ሰዎች ሐሳብ ጭምር በቃለ ጉባኤው መግባቱን አይተው ይፈርሙ፤ አንድ ቅጂም ለራስዎ ይውሰዱ።