ሀብት ነው ወይስ ክምችት? የአሰሳ ሪፖርት ቃላትና ቁጥሮች

ጥያቄ፦ የአንድ ወርቅ ፈላጊ ኩባንያ ሪፖርት «የተገመተ ሀብት፦ 2 ሚሊዮን ቶን፣ 1.5 ግራም በቶን» ይላል። ብዙ ሰው ይህንኑ «ክምችት» ሲለው እሰማለሁ። ልዩነት አላቸው? ስንት ኪሎ ወርቅስ ይወጣዋል?

መልስ፦ ስሌቱ ቀላል ስለሆነ እሱን እናስቀድም። 2,000,000 ቶን በ1.5 ሲባዛ 3,000,000 ግራም፣ ማለትም 3,000 ኪሎ ይመጣል። ይህ ግን አለቱ ውስጥ አለ የተባለው ነው። ሪከቨሪ የሚባለው፣ ማጣሪያው ለይቶ የሚያስቀረው ድርሻ፣ 90 በመቶ ቢሆን 300 ኪሎው ከዝቃጩ ጋር ይሄዳል። ሲቆፈር ደግሞ ባዶ አለት መቀላቀሉ አይቀርም። በ100 ቶን ላይ 10 ቶን ባዶ አለት ቢገባ 1.5 የነበረው ግሬድ፣ ማለትም በአንድ ቶን አለት ውስጥ ያለው የወርቅ ግራም፣ ወደ 1.36 ይወርዳል። ወርቁ አልጠፋም፤ የሚፈጨው ድንጋይ ግን በዛ፣ ወጪውም አብሮ ናረ።

ሀብት በእርግጠኝነት ደረጃው በሦስት ይከፈላል፦ የተገመተ፣ የተመላከተ፣ የተለካ። ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ለመሸጋገር በዋናነት የቁፋሮ ጉድጓዶቹ መቀራረብና የናሙናው አስተማማኝነት ያስፈልጋል። ክምችት የሚባለው ከተመላከተውና ከተለካው ሀብት ውስጥ የአወጣጥ ዘዴው፣ የማጣሪያው ውጤት፣ ወጪው፣ የገበያው ዋጋ፣ ፈቃዱና የአካባቢ ጉዳዩ ተጠንቶ «በትርፍ ይወጣል» የተባለለት ክፍል ብቻ ነው። እንደ ጆርክ (የአውስትራሊያ የማዕድን ሪፖርት ደንብ) ባሉ የሪፖርት ደንቦች የተገመተ ሀብት በቀጥታ ወደ ክምችት አይዛወርም። ስለዚህ እርስዎ የጠቀሱት ሪፖርት ላይ «ክምችት» የሚለውን ቃል መለጠፍ ስህተት ነው፤ ባለሀብት ፊት ከሆነ ደግሞ ማሳሳት ነው።

ቁጥሩን ከሌላ ሪፖርት ጋር ከማወዳደርዎ በፊት ከት ኦፍ ግሬዱን፣ ማለትም የተቀመጠውን ዝቅተኛ የግሬድ ወለል፣ ይፈልጉ፤ ከዚያ በታች የሆነ አለት ከስሌቱ ይወጣል። ወለሉ ዝቅ ሲል ቶኑ ይበዛል፣ አማካይ ግሬዱ ይወርዳል። ከት ኦፉ ያልተጻፈበትን የቶን ቁጥር እኛ ከምንም አንቆጥረውም።

ጥያቄ፦ የቁፋሮ ውጤት «ከ84 እስከ 96 ሜትር፣ 12 ሜትር በ4.2 ግራም በቶን» ሲል ቬይኑ፣ ወርቁን የያዘው የአለት ጅማት፣ 12 ሜትር ይወፍራል ማለት ነው?

መልስ፦ የግድ አይደለም። 12 ሜትሩ በጉድጓዱ አቅጣጫ የተለካ ርዝመት ነው። ጉድጓዱ ቀጥ ብሎ ወደታች ወርዶ ቬይኑ ከአግድም 60 ዲግሪ ካዘነበለ እውነተኛው ውፍረት 6 ሜትር ነው፤ 80 ዲግሪ ካዘነበለ 2.1 ሜትር ያህል ብቻ ይሆናል። ኮሩ (ከጉድጓዱ የወጣው ዘንግ መሰል የአለት ናሙና) በእጅዎ ካለ፣ በኮሩ ዘንግና በቬይኑ ገጽ መካከል ያለውን አንግል ይለኩና ርዝመቱን በአንግሉ ሳይን ያባዙ። ጉድጓዶች ጋደም ተደርገው የሚቆፈሩትም ቬይኑን በተቻለ መጠን በቀጥታ ማዕዘን እንዲቆርጡ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። 12 በ4.2 ሲባዛ 50.4 ነው። ከመካከሉ አንዷ ሜትር ብቻዋን 44 ግራም በቶን ካላት የቀሩት 11 ሜትሮች በአማካይ 0.58 ብቻ ናቸው። ስለዚህ የየሜትሩን ሠንጠረዥ ይጠይቁ። በተለይ ቅንጣቱ ትልልቅ የሆነ ወርቅ ባለበት አለት አንዲት ቅንጣት ናሙናው ውስጥ መግባቷ ወይም መቅረቷ ውጤቱን ሌላ ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ ላብራቶሪው ውጤቱን በፒፒኤም ሰጠኝ፣ ገዢው በአውንስ ይጠይቀኛል። እንዴት ላቀያይር?

መልስ፦ 1 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አንድ ክፍል) ማለት 1 ግራም በቶን ነው፤ 1,000 ፒፒቢ (ከቢሊዮን አንድ ክፍል) 1 ፒፒኤም ይሆናል። ለወርቅ የሚሠራበት ትሮይ አውንስ 31.1035 ግራም ነው። በተራው አውንስ፣ በ28.35 ግራም፣ ካካፈሉ ከላይ ያየነው 3,000 ኪሎ ከ96,452 አውንስ ወደ 105,820 ያብጣል።