ትንንሽ ልጆችና የሥነ ፆታ ትምህርት፦ ለጠየቃችሁኝ መልስ

ትንንሽ ልጆች በትምህርት ቤት የሥነ ፆታ ትምህርት ይማሩ ወይስ አይማሩ? ሰሞኑን ይህን አንስተን ስንከራከር ጥያቄው በዛ። እኔ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ 14 ዓመት ሠርቻለሁ፤ መጀመሪያ የክፍል መምህርት ነበርኩ፣ በኋላ የተማሪዎች አማካሪ ሆንኩ። ጠይቁኝ አልኳችሁ፣ ጠየቃችሁኝ። የማውቀውን ያህል እነሆ።

ጥያቄ፦ የ6 ዓመት ልጅ ስለ ወሲብ ማወቁ ምን ይጠቅመዋል? ልጅነቱን ለምን አትተዉለትም?

መልስ፦ የ6 ዓመት ልጅ ስለ ወሲብ አይማርም። መጀመሪያ ይሄ ይጥራ። ክርክራችን የሚበላሸው ገና ከስሙ ነው፤ «የሥነ ፆታ ትምህርት» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የአዋቂዎችን ነገር ነው። ክፍል ውስጥ ያለው ግን ሌላ ነው። የሰውነት ክፍሎችን በስማቸው መጥራት። ሌላ ሰው ሊነካው የማይገባው የቱ እንደሆነ ማወቅ። ያልፈለጉትን እቅፍ «አልፈልግም» ማለት፣ ጓደኛም «አልፈልግም» ሲል መተው። የሚያስጨንቅ ነገር ሲገጥም ለማን እንደሚነገር ማወቅ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣውና በ2018 ያሻሻለው መመሪያ ትምህርቱን በእድሜ ይከፋፍለዋል። ከ5 እስከ 8 ዓመት ላሉት የሚበዛው ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ጓደኝነት፣ ስለ መከባበርና ሰውነትን ስለማወቅ ነው። ልጅ ከየት እንደሚመጣም አለበት፣ አልደብቃችሁም፤ የእናት እንቁላልና የአባት ዘር ተገናኝቶ ማህፀን ውስጥ ያድጋል የሚል ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የልጅ ልጆች ያሉኝ ሴት ነኝ። ብልትን በስሙ መጥራት ነውር አይደለም ወይ? እኛ ቤት የቁልምጫ ስም አለው።

መልስ፦ እናቴ፣ አይቀየሙኝና አንድ ነገር ልንገርዎት። ይሄን ሳስብ አሁንም ውስጤ ይረበሻል። የክፍል መምህርት ሳለሁ አንዲት የ7 ዓመት ልጅ መጥታ «ቦርሳዬን ይነካብኛል» አለችኝ። እኔም «ከሱ አርቀሽ አስቀምጪው» አልኳት። ከሳምንት በኋላ ደግማ መጣች፣ ያንኑ አለችኝ። አብሯት የሚቀመጠውን ልጅ ጠርቼ ተቆጣሁት። ምስኪኑ ምንም አያውቅም። ሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ቦርሳዋ ጀርባዋ ላይ ነበር፣ እሷ ግን እጇን ጭኖቿ መሀል አድርጋ ታለቅሳለች። ቤታቸው ለዚያ የሰውነት ክፍል ያወጡለት ስም «ቦርሳ» ነበር። ሦስት ጊዜ ነገረችኝ፣ ሁለቱን አልሰማኋትም። ልጅቷ ደፋር ነበረች፤ የጎደላት ሌላ ሰው የሚገባው ቃል ነው። በቁልምጫ መጥራቱን አይተዉት፣ ፍቅር ነው። ግን የልጅ ልጆችዎ ትክክለኛውንም ስም ይወቁት። «ብልት» የሚለው ቃል እንደ «ጉልበት» እና እንደ «ክርን» የሰውነት ስም ነው፣ ስድብ አይደለም።

ጥያቄ፦ ስለዚህ ነገር ካወራናቸው ቶሎ እንዲጀምሩ መንገድ አናሳያቸውም?

መልስ፦ ብዙ ወላጅ የሚፈራው ይሄን ነው፣ ፍርሃቱም ይገባኛል። ግን ጥናቶቹ የሚሉት ተቃራኒውን ነው። ዩኔስኮ መመሪያውን ሲያሻሽል የተመለከታቸው ጥናቶች ትምህርቱ ወሲብ የሚጀመርበትን እድሜ አያፋጥንም ይላሉ፤ እንዲያውም በአንዳንዶቹ ዘግይቷል። ኮክሬን የተባለው የጤና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2015 ጥቃትን ስለመከላከል በትምህርት ቤት የሚሰጡ ትምህርቶችን የፈተሹ 24 ጥናቶችን መርምሯል። ወደ 5,800 የሚጠጉ ልጆች የተካተቱባቸው ናቸው። የተማሩት ልጆች እውቀታቸውና ራሳቸውን የመጠበቅ ችሎታቸው ጨምሯል፣ ፍርሃትና ጭንቀት እንደጨመረባቸው የሚያሳይ ነገርም አልተገኘም። ጥቃቱ ራሱ ምን ያህል ይቀንሳል የሚለውን ግን እነዚያ ጥናቶች አላረጋገጡም። ይሄንንም መደበቅ የለብንም። ለዚህ ነው ልጁን ብቻ አስተምረን እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ የማንችለው።

ጥያቄ፦ ልጄን «ከማታውቂው ሰው ጋር እንዳትሄጂ» ብያታለሁ። አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም፣ እህቴ። ልጅን የሚያጠቃው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ልጁ የሚያውቀው ነው፦ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የቤተሰብ ወዳጅ፣ አስተማሪም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ5 ሴቶች አንዷ በልጅነቷ ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባታል። ሁሉ በማያውቁት ሰው የሚደርስ ቢሆን ኖሮ በር መቆለፍ ብቻ በበቃን። ስለዚህ ልጅሽን ስለ ሰው ዓይነት ሳይሆን ስለ ድርጊቱ ንገሪያት። «ማንም ይሁን ማን ብልትሽን አይነካም፣ የራሱንም ንኪ አይልሽም። ሐኪም ቢሆንስ? እኔ ወይም አባትሽ ባለንበት፣ ምን እንደሚያደርግ ነግሮሽ» በያት። ደግሞ ምስጢርን ለይተሽ አስተምሪያት። ለልደት የተደበቀ ስጦታ ቀኑ ሲደርስ ይገለጣል፣ ያስደስታል። «ለእናትሽ ብትነግሪያት ትታመማለች» የሚባል ምስጢር ግን ወዲያው የሚነገር ነው። አጥፊዎች ልጅን አፍ የሚያስይዙት በዚህ ዓይነት ቃል ነው፣ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ያሉኝ ወንዶች ልጆች ናቸው። እኔንም ይመለከተኛል?

መልስ፦ በጣም። ወንድ ልጆችም ይጠቃሉ፣ «ወንድ አያለቅስም» እየተባሉ ስላደጉ ደግሞ ለመናገር የበለጠ ይቸገራሉ። «ተው» ሲሉት የሚተው ሰው የሚሆኑትም በዚሁ እድሜ ተምረው ነው።

ጥያቄ፦ ይሄ የወላጅ ሥራ ነው። አስተማሪ ምን አገባው? ከእምነታችን ጋር የሚጋጭ ነገር ቢነግሩብንስ?

መልስ፦ የመጀመሪያው አስተማሪ አንተ ነህ ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አንጣላም። ግን ስንቱ ወላጅ ያወራል? ወላጆች ስብሰባ ላይ «ከልጃችሁ ጋር ስለ ሰውነቱ ያወራችሁ እጅ አውጡ» ስል ብዙ ጊዜ አዳራሹ ዝም ነው የሚለው። ሁለተኛው ምክንያት ይከብዳል፤ ለአንዳንድ ልጅ አደጋው ያለው ራሱ ቤት ውስጥ ነው። ለሱ ከቤት ውጭ ያለ የሚታመን አዋቂ ክፍል ውስጥ የቆመው አስተማሪ ብቻ ሊሆን ይችላል። ለሁለተኛው ስጋትህ እንግሊዝ ያደረገችውን እወደዋለሁ። እዚያ ከመስከረም 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለ ሰዎች ግንኙነትና መከባበር የሚሰጠው ትምህርት በአንደኛ ደረጃ ግዴታ ነው፣ ማንም ልጅ አይቀርም። ትምህርት ቤቱ ከዚያ አልፎ ስለ ወሲብ የሚጨምር ከሆነ ግን ወላጅ ልጁን ከዚያኛው የማስቀረት መብት አለው። አንተም የልጅህን ትምህርት ቤት መጽሐፉን አሳዩኝ በል። ለማሳየት የሚያንገራግር ትምህርት ቤት እኔንም አያምረኝም።

ጥያቄ፦ ስለ ወር አበባ መቼ ይነገር?

መልስ፦ ሳይመጣ በፊት። የጉርምስና ለውጥ ሴቶች ላይ ከ8 እስከ 13፣ ወንዶች ላይ ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ይጀምራል። እንግዲህ 12 ዓመት እስኪሞላት መጠበቅ ለብዙዋ ዘግይቷል። ደም ስታይ የምትሞት መስሏት ከወንበሯ አልነሳም ያለች ልጅ አጋጥማኛለች፣ ክፍሉ ባዶ እስኪሆን አጠገቧ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ወንዶቹም አብረው ይማሩ። የሚያውቅ ልጅ አይስቅባትም።

ጥያቄ፦ የ5 ዓመት ልጄ «ልጅ ሆድ ውስጥ እንዴት ይገባል?» አለኝ። ደንግጬ «ስታድግ» አልኩት።

መልስ፦ ምንም አይደል፣ ነገ ተመለሽበት። መጀመሪያ «አንተ እንዴት ይመስልሃል?» በይው፤ ግማሹን ጊዜ የጠየቀው እኛ የፈራነውን አይደለም። ከዚያ «ከእናት ትንሽ እንቁላል፣ ከአባት ትንሽ ዘር ተገናኝተው ነው» በይ፣ አቁሚ። ብዙ ልጅ በዚህ ረክቶ ወደ ጨዋታው ይሄዳል። ከቀጠለ እስከጠየቀው ድረስ ብቻ መልሺለት።

ጥያቄ፦ አንቺ በትምህርቱ አሰጣጥ የማትስማሚበት የለም?

መልስ፦ አለ። በዓመት አንድ ቀን እንግዳ ተጋብዞ አውርቶ ይሄድና «አስተምረናል» ይባላል። ያልሠለጠነና የሚያፍር መምህር ደግሞ እየሳቀ ወይም እያፈረ ሲያስተምር ልጆቹ ሀፍረቱን ይማራሉ። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን «አይሆንም በል፣ ጩህ፣ ሩጥ» ብሎ ብቻ ማብቃት ነው። በድንጋጤ ደርቆ የቀረ ልጅ «ስላልጮህኩ ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ ይሸከመዋል። ልጅን የመጠበቅ ግዴታ የአዋቂ ነው፤ ይሄን ልጁም በግልጽ ሊሰማው ይገባል።

ጥያቄ፦ እኔም መምህር ነኝ። ተማሪ መጥቶ ቢነግረኝ ምን ልበል?

መልስ፦ ፊትህ አይለወጥ፤ ልጅ ከአፍህ በፊት ፊትህን ያነባል። አታቋርጠው። «እርግጠኛ ነህ?» አትበል። «ለማንም አልናገርም» ብለህም ቃል አትግባ፣ ምክንያቱም መናገር አለብህ፤ «ሊረዱን ለሚችሉ ሰዎች እነግራለሁ» በለው። እንደ መርማሪ በጥያቄ አታጣድፈው። ሲወጣ በራሱ ቃል፣ ያላለውን ሳትጨምር፣ ጻፈው። የዚያኑ ዕለት ለትምህርት ቤቱ ኃላፊና ለሚመለከተው የሕግ አካል ይድረስ፣ ነገ አትበል። ተጠርጣሪውን አንተ ጠርተህ አትጠይቀው፤ ልጁ ማታ ወደዚያው ቤት ሊመለስ ይችላል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን «ስለነገርከኝ ጥሩ አደረግህ፣ አምንሃለሁ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» በለው። የተናገረው ካልገባህም እንዳታልፈው። «የትኛው እንደሆነ በጣትህ አሳየኝ» በለው።