የልብ ምቴ ለምን ይለዋወጣል?

ጥያቄ፦ ተቀምጬ ስለካው የልብ ምቴ አንዳንዴ 68፣ አንዳንዴ 90 ይሆናል። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ የለኩትን። አመልካችና መሃል ጣትዎን በእጅ አንጓዎ ላይ፣ ከአውራ ጣት ግርጌ በኩል ያሳርፉና 60 ሰከንድ ሙሉ ይቁጠሩ። በአውራ ጣት አይለኩ፤ የራሱ ምት ያሳስታል። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛትም ያስኬዳል፤ ግን አንድ ምት ቢያመልጥዎ ስህተቱ 4 ይሆናል።

ለአዋቂ ከ60 እስከ 100 የተለመደ ነው፤ ልምድ ያለው ሯጭ ወደ 40 ቢወርድ አይገርምም። የእርስዎን 90 ቡና፣ ሲጋራ፣ ጭንቀት ወይም እንቅልፍ ማጣት ሊያመጣው ይችላል። ትኩሳት፣ የሰውነት ፈሳሽ ማነስ፣ የደም ማነስና የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ መሥራትም ምቱን ያፈጥናሉ። ቤታ ብሎከር የተባሉት መድኃኒቶች ግን ያዘገዩታል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በድንገት አያቋርጧቸው።

በእረፍት ላይ ሆነው በተደጋጋሚ ከ100 ካለፈ ይመርመሩ። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት ከታከለበት ቁጥሩ ስንትም ይሁን ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።