ልጅ ይዘሽ ታሪክ ለማጥናት፦ የናታሊ ዴቪስ መንገድ

እህቴ፣ «ወልጄ ማስተርሴን አቋርጫለሁ፣ ከደሴ ወጥቼ መዝገብ ቤት ለመዞርም አልችልም፤ እንዲህ ሆና የታሪክ ምሁር የሆነች ሴት አለች ወይ?» ላልሽው፦ አለች። ናታሊ ዜመን ዴቪስ ትባላለች።

እ.ኤ.አ. በ1928 ዲትሮይት ተወለደች። የምታጠናው በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ የነበሩ የ16ኛው ክፍለ ዘመን የማተሚያ ቤት ሠራተኞችን ነበር። በ1952 የአሜሪካ መንግሥት በፖለቲካ ሰበብ የእሷንና የባሏን ፓስፖርት ነጠቀ፤ መዝገቡ ፈረንሳይ፣ እሷ አሜሪካ ቀሩ። አልተወችውም። ኒውዮርክ ቤተ መጻሕፍት ገብታ በዚያው ዘመን የታተሙትን መጻሕፍት ታገላብጥ ጀመር። ሦስት ልጆች እያሳደገች በ1959 ዶክትሬቷን ያዘች። በቶሮንቶ፣ በበርክሌይና በፕሪንስተን አስተማረች፣ በ1987 የአሜሪካ የታሪክ ማኅበርን መራች፣ በ2010 ለታላላቅ የሰብአዊ ጥናት ምሁራን የሚሰጠው የኖርዌይ የሆልበርግ ሽልማት ተሰጣት። በ2023 አረፈች።

እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ ግን ሰው የገደሉ ተራ ሰዎች ለፈረንሳይ ንጉሥ ያቀረቡትን የምሕረት ልመና ያነበበችበት መንገድ ነው። እውነት ነው ውሸት ብቻ አላለችም፤ ሰው ነፍሱን ለማዳን ነገሩን እንዴት አድርጎ ይተርካል ብላ ጠየቀች።

ይኼ እኮ ደሴም አለ! አንዲት ጎረቤቴ የአያታቸውን የመሬት አቤቱታ ከሣጥን አውጥተው አሳዩኝ፦ አራት ቦታ የታጠፈ፣ እጥፋቱ ላይ የሳሳ፣ ግርጌው ላይ ሐምራዊ የአውራ ጣት አሻራ ያለበት። ግማሹ ስለ ልጆቻቸው ረሃብ ነው፤ መሬቱ የሚነሣው መጨረሻ ላይ ነው። ለምን እንዲያ ተጻፈ? አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ከዘመዶችሽ ሣጥን ጀምሪ። አስፈቅደሽ በስልክሽ አንሺው፣ የማን እንደሆነና ማን እንደጻፈው በዚያው ዕለት መዝግቢ፤ ልጁ ሲተኛ ታነቢዋለሽ።