ባንዱ 110 ላይ ወጣብኝ፤ አንቲቦዲው ሐሰተኛ ይሆን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የማስተርስ ተማሪ ነኝ፤ የምሠራው በካላዛር ተህዋሲ ላይ ነው። ተህዋሲው ማክሮፌጅ (ተህዋሲያንን የሚውጥ የመከላከያ ህዋስ) ውስጥ ከገባ በኋላ የት እንደሚቀመጥ ለማየት ኤች4ኤ3 የሚባለውን አንቲቦዲ ገዛን፤ የሚይዘው ላምፕ-1ን፣ ማለትም የህዋሱ መፍጫ ከረጢት በሆነው ሊሶሶም ሽፋን ላይ ያለውን ፕሮቲን ነው። ላምፕ-1 417 አሚኖ አሲድ ስለሆነ ክብደቱን 45 ኪሎዳልተን አካባቢ ነበር የጠበቅኩት። ከቲኤችፒ-1 ህዋሶች ናሙና ወስጄ ዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን ጄል ላይ በክብደት ለይቶ በአንቲቦዲ የሚያሳይ ዘዴ) ስሠራ ግን 45 ላይ ምንም የለም፣ 110 አካባቢ ወፍራምና የተድበሰበሰ ባንድ ወጣ። የላብ ጓደኛዬ ያንኑ አንቲቦዲ በሮው 264.7 ህዋሶች ሞክሮ ጭራሽ ምንም አላየም። ተታለልን? ልጣለው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳትጥዪው! ያየሽው ባንድ ትክክለኛው ነው። 45 ላይ ቀጭን ባንድ ወጥቶልሽ ቢሆን ኖሮ ነው እኔ የምጠራጠረው።

45 የሚለው ቁጥር የተሰላው ከአሚኖ አሲዶቹ ብቻ ነው። ላምፕ-1 ግን ሊሶሶም እስኪደርስ ድረስ መንገድ ላይ ስኳር ይጫንበታል። ገና ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም (ፕሮቲኑ የሚሠራበት የህዋሱ ክፍል) ላይ እየተሠራ ሳለ ከአስር በሚበልጡ ቦታዎች የስኳር ሰንሰለት ይለጠፍበታል፣ ጎልጂ (ቀጣዩ የማጠናቀቂያ ክፍል) ሲደርስ ደግሞ እነዚያው ሰንሰለቶች ይከረከማሉ፣ ሌላ ይቀጠልባቸዋል፣ ይረዝማሉ፤ እንደ ድሮ ሲራራ ነጋዴ በየኬላው እየቆመ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ጄል ላይ ከ90 እስከ 120 ባለው መሃል መታየቱ የተለመደ ነው። የተድበሰበሰውም ሁሉም ሞለኪውል እኩል ስኳር ስለማይሸከም ነው። ስኳሩ ደግሞ ትልቅ ሥራ አለው። አብዛኛው የላምፕ-1 አካል የሚገኘው በሊሶሶሙ ውስጥ፣ አሲድና ፕሮቲን የሚፈጩ ኢንዛይሞች ባሉበት ነው፤ ስኳሩ ባይሸፍነው እሱም ቶሎ ይፈጫል።

ላረጋግጥ ካልሽ ናሙናሽን ሦስት ቦታ ክፈዪው። አንዱን እንዳለ ተይው። ሁለተኛውን በፒኤንጂኤዝ-ኤፍ አክሚው፤ ይህ ኢንዛይም እነዚያን የስኳር ሰንሰለቶች ከሥራቸው ስለሚቆርጥ ባንዱ ወደ 40 አካባቢ ይወርድልሻል። ሦስተኛውን በኤንዶ-ኤች። እኔ በጣም የምወደው ይሄኛውን ነው፣ ምክንያቱም ኤንዶ-ኤች የሚቆርጠው ጎልጂ ገና በደንብ ያልሠራበትን ስኳር ብቻ ነው። ባንዱ ኤንዶ-ኤች ነክቶት ከወረደ ፕሮቲኑ ገና መንገድ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ካልወረደ ጎልጂን አልፏል ማለት ነው። አየሽ፣ ያስደነገጠሽ ክብደት ፕሮቲኑ የት እንደደረሰ የሚነግርሽ መረጃ ነው፣ ያውም ማይክሮስኮፕ ሳትነኪ።

የጓደኛሽ ችግር ሌላ ነው። ኤች4ኤ3 የሰው ላምፕ-1ን የሚያውቅ አንቲቦዲ ነው፤ ያንቺ ቲኤችፒ-1 የሰው ህዋስ ነው፣ ሮው 264.7 ግን የማውስ ህዋስ ነው። ለማውስ የሚሆነው 1ዲ4ቢ ነው። እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ያሳስታል፤ ማውሱንም ራቱንም አይጥ ስለምንል ብዙ ሰው ይምታታበታል። ኤች4ኤ3 በማውስ የተሠራ፣ የሰውን ፕሮቲን የሚይዝ ነው። 1ዲ4ቢ በራት የተሠራ፣ የማውስን የሚይዝ ነው። ስለዚህ ጓደኛሽ 1ዲ4ቢ ቢገዛና ሁለተኛውን አንቲቦዲ (የመጀመሪያውን ይዞ እንዲታይ የሚያደርገውን) ሳይቀይር ጸረ ማውሱን እንደያዘ ቢቀጥል በደንብ ላያይ ይችላል፤ ጸረ ራት ያስፈልገዋል።

ወደ ማይክሮስኮፕ ስትሄጂ ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። አንቲቦዲው እንዲገባ ህዋሱን ለመብሳት የሚጠቅመው ትራይተን ኃይለኛ ነው፣ ሜምብሬኑን አሟሙቶ ላምፕ-1ን አብሮ ሊያጥብብሽ ይችላል፤ በሳፖኒን ሞክሪ፣ ግን ሳፖኒኑ በየማጠቢያው ውስጥ መኖር አለበት፣ ካወጣሽው ቀዳዳው መልሶ ይዘጋል። ሌላው፣ ማክሮፌጅ በላዩ ላይ የኤፍሲ ተቀባይ ስላለው ማንኛውንም አንቲቦዲ በጭራው በኩል ይይዛል። አስቀድመሽ እሱን ካልዘጋሽ ህዋሱ በሙሉ ያበራልሽና ያገኘሽ ይመስልሻል። ሁለተኛውን አንቲቦዲ ብቻ ያስገባሽበት ስላይድ ሁሌ ይኑርሽ። ላምፕ-1 የጠፋበት ህዋስ ከሌላ ላብ ማግኘት ከቻልሽ ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ ማረጋገጫ የለም።

አሁን ወደ ተህዋሲሽ። በዙሪያው የላምፕ-1 ቀለበት ስታዪ ‘ሊሶሶም ውስጥ ነው’ ብለሽ ለመጻፍ አትቸኩዪ። ላምፕ-1 ሊሶሶም ላይ ብቻ ሳይሆን ዘግይተው በሚመጡት ኢንዶሶሞችም (ከውጭ የገባውን ወደ ሊሶሶም በሚያደርሱ ከረጢቶች) ላይ አለ፣ ጥቂቱም የህዋሱ ቆዳ ላይ ይገኛል። ካቴፕሲን-ዲን (ሊሶሶም ውስጥ ያለውን መፍጫ ኢንዛይም) አብረሽ ቀቢ፤ ሁለቱም አንድ ቦታ ከታዩ አነጋገርሽ ይጠነክራል። ሰዓቱንም መዝግቢ፣ የካላዛር ተህዋሲ ገና ሲገባ ያለበት ከረጢት ከሊሶሶም ጋር እንዳይዋሃድ ለጥቂት ጊዜ ያዘገያል። ስለዚህ ተህዋሲው ከገባ ከ1 ሰዓት በኋላ ያነሳሽው ፎቶና ከ24 ሰዓት በኋላ ያነሳሽው ላይመሳሰሉ ይችላሉ፤ ቀለበቱ መጀመሪያ ላይ ባይታይሽ እንደገና አንቲቦዲውን አትውቀሺ።