ሐረጎ ላይ ብቻ የሚግል ፒክአፕ

ጥያቄ፦ «ከኮምቦልቻ ደሴ ዕቃ የማመላልስበት የናፍጣ ሃይሉክስ አለኝ። ሜዳ ላይ ሰላም ነው። ጭኜ ሐረጎን ስወጣ ግን የሙቀት ጌጁ ቀዩን ሊነካ ይደርሳል። ቆሜ ሳሳርፈው ይወርዳል። ቴርሞስታቱን አስወጣሁት፣ ለውጥ የለም። አሁን ራዲያተር ቀይር እያሉኝ ነው።»

አብሽር ወንድሜ፣ ራዲያተር ለመግዛት አትቸኩል።

ዳገቱን ጭነህ ስትወጣ ሞተሩ ያለ የሌለ ጉልበቱን ያወጣል። ፍጥነት ስለሌለህ ደግሞ ከፊት የሚገባው ነፋስ ትንሽ ነው። ሥራው ሁሉ ቬንትሌተሩ (ከራዲያተሩ ኋላ ያለው ማራገቢያ) ላይ ይወድቃል። ስለዚህ መጀመሪያ የምጠረጥረው የቬንትሌተሩን ክላች ነው። ውስጡ የሲሊኮን ዘይት አለ። ሙቀት ሲያገኘው ቬንትሌተሩን አጥብቆ ይይዝና ከሞተሩ ጋር ያዞረዋል። ዘይቱ ካለቀ ይንሸራተታል። ሜዳ ላይ ላታውቀው ትችላለህ፣ ዳገት ላይ ነው የሚያጋልጥህ።

ሞተሩ በደንብ ከጋለ በኋላ አጥፋው፣ ቁልፉን ንቀል፣ ቬንትሌተሩን በእጅህ አዙረው። ከበድ ሊልህ ይገባል። እንደ ልቡ ከተሽከረከረ ወይም መሃሉ ላይ አቧራ የያዘ ዘይት ካየህ ክላቹን ቀይረው።

እግረ መንገድህን በኤሲው ኮንደንሰርና በራዲያተሩ መሃል በባትሪ እያበራህ ተመልከት። እዚያ የሚጠራቀመው ጭድና ጭቃ ጉድ ነው። ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት በቀስታ ይታጠብ። ኃይለኛ ግፊት ያላቸው የላቫጆ ማሽኖች ስስ ቆርቆሮውን ያጣምሙታል።

የራዲያተሩን ክዳንም አትናቀው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ደህና ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ እንዳይፈላ ያስታግሰዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ከቆላው ይልቅ እዚህ ቶሎ ያስፈላብሃል። ስትገዛ ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር፣ 0.9 ይሁን 1.1፣ ለመኪናህ ከታዘዘው ጋር አንድ ይሁን።

ቴርሞስታቱን መልሰው። አውጣው የማይል ሹፌር የለም መቼም! በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ግን ቴርሞስታቱ ውሃው ሲግል ወደ ራዲያተር የሚሄደውን መንገድ ሲከፍት፣ ውሃው ወደ ሞተር የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀራል። የጋለው ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል።

ይሄ ሁሉ ደህና ከሆነ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ክዳኑን ከፍተህ አስነሳ። አረፋ ያለማቋረጥ ከወጣ ችግሩ የቴስታ ጋስኬት (በሞተሩ ቴስታና በብሎኩ መሃል ያለው ማሸጊያ) ሊሆን ይችላል፣ ያን ጊዜ አዲስ ራዲያተር አያድንህም። አረፋ ከሌለ ራዲያተሩ ውስጡ ተደፍኖ እንደሆነ አስፈትሽ፤ በተለይ የቦርከናን ውሃ እየቀዳህ የምትሞላ ከሆነ። ከዚያ ወዲያ ኩላንት ተጠቀም።

እስክታሰራው ድረስ ጭነት ቀንስ። ጌጁ መውጣት ሲጀምር ኤሲውን አጥፋ፣ ዳር ይዘህ ቁምና ሞተሩን ሳታጠፋ፣ ነዳጅ ሳትረግጥ በሚኒሞ አሳርፈው። እንፋሎት ካየህ ግን ወዲያው አጥፋ። ትኩስ እያለ ክዳኑን እንዳትነካ፣ ፊትህን ይልጥሃል።